መልኳ በአንዱ፣ ድምጿ በሌላው

ሚስቱ ለትምህርት ርቃ የሄደችበት ሰው ምን ምን እንደሚያደርግ ሳታዩ አትቀሩም። አንዱ ጾም ያበዛል፣ አንዱ ጠላ ቤት ያዘወትራል፣ አንዱ ያለ ወትሮው ተነስቶ ቤቱን ቀለም ይቀባል። እኔ የኮምፒውተሬን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ቀየርኩ።

ይህን ስል ባለሙያ እንዳልመስላችሁ። የማስተምረው ጂኦግራፊ ነው። ስለ ጮቄ ተራራ ብትጠይቁኝ፣ ስለ ዓባይ ገባሮች ብትጠይቁኝ ደወል እስኪደወል አላቆምም። ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው ግን ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ ተነስቶ ሌላውን ሁሉ የሚያስነሳው ዋና ፕሮግራም እንደሆነ፣ ዊንዶውስ አንዱ፣ ሊኑክስ ሌላው እንደሆነ ያወቅሁት ዘንድሮ ነው። እስከዚያ ድረስ ከኮምፒውተር የማውቀው ማብሪያውን ነበር። ማጥፊያውንም አላውቅም፤ እሱን መብራት ኃይል ያጠፋልኛል።

ባለቤቴ የሺ አዋላጅ ነርስ ናት። ደብረ ማርቆስ ከተማ አብረን ስንወጣ እኔን ተማሪዎቼ ሰላም ይሉኛል፣ እሷን ደግሞ እናቶች ያቅፏታል። እናቶቹ ይበዛሉ። ስለዚህ ገበያ ስንሄድ እኔ ዘንቢል ይዤ እቆማለሁ፣ እሷ ሕፃን ታያለች። ሁለተኛ ዲግሪዋን እንድትማር ጂማ ስትመደብ ደስ አለኝ ብዬ አጨበጨብኩ። ያን ቀን ማታ የግድግዳውን ካርታ በማስመሪያ ለካሁት። ቅርብ ነው፤ አንድ ጣት ቢሆን ነው። ማስመሪያው ላይ ግን የዓባይ በረሃ የለም። "ዛሬ መንገድ ዝግ ነው" የሚል ረዳትም የለም።

ስትሄድ ዘመናዊውን ስልክ ይዛው ሄደች፤ ለትምህርቱ ያስፈልጋታል። ለእኔ ባለ ቁልፉ፣ ባትሪ መብራት ያለው ስልክ ቀረልኝ። ሌላው የቀረልኝ ሳሎን ጥግ ላይ የተቀመጠው አሮጌ ኮምፒውተር ነው። የሞባይል ኢንተርኔት በሰፈራችን እንደ ልብ አይገኝም፣ ቤት ድረስ የተዘረጋው መስመር ግን አለ ሲባል አለ። ስለዚህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በኮምፒውተሩ ፊት ለፊት እየተያየን እንድንጫወት ተስማማን። በስልክማ በየቀኑ እንደዋወላለን። ግን የስልክ ወሬ ታውቁታላችሁ። "በላህ?" "በላሁ። አንቺስ?" "በላሁ።" "ምን በላሽ?" ሁለት የተማሩ ሰዎች ከምሳ ሌላ ርእስ ያጣሉ።

እንግዲህ ችግሩ የተጀመረው ከዚህ ኮምፒውተር ነው። የሺ ከመሄዷ በፊት ፎቶዋን ስክሪኑ ላይ አድርጋልኝ ነበር፤ አምበር ለሠርግ ሄደን ከአንድ ግንብ አጥር ጎን ቆማ የተነሳችው ነው። ኮምፒውተሩን ሳበራ ፎቶው ከላይ ወደ ታች ይመጣል። መጀመሪያ ሰማዩ ይመጣል። ከዚያ ፀጉሯ። ከዚያ ቅንድቧ። እዚህ ላይ ኮምፒውተሩ ይተነፍሳል። ውስጡ ያለው ማራገቢያ እንደ ወፍጮ ይጮኻል፣ ስክሪኑ ላይ ያለችው ክብ ነገር ትዞራለች፣ እኔም ቅንድብ እያየሁ እጠብቃለሁ። ዓይኗ ሲመጣ እኔ ሥራ የሚረፍድብኝ ሰዓት ይደርሳል። ጥሩውን ጠዋት ሁሉ እንዲህ በከንቱ ጨረስኩት። ጥፋቱ የዊንዶውስ ነው አልልም፤ ማሽኑ እኔን ከመሰለ ሰው እጅ አሮጌ ሆኖ የተገዛ ነው።

በዚህ መሃል አማቴ መጡ። መሪጌታ ጥበቡ ይባላሉ፣ ዲማ አጠገብ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ሁላችንም የኔታ ነው የምንላቸው። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖት ለሕክምና ወረፋ እስኪደርሳቸው ከእኔ ጋር ተቀመጡ። ልጅ ሌላ ቦታ፣ አማችና አማት አንድ ቤት። ጠዋት ጠዋት "እንዴት አደሩ የኔታ" እላቸዋለሁ፣ "እግዚአብሔር ይመስገን" ይሉኛል፣ ከዚያ እሳቸው ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ፣ እኔ ደብተር አገላብጣለሁ።

የመጀመሪያዋ እሑድ ላይ ከኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጥኳቸውና ማብሪያውን ተጫንኩ።

"ይህ መሣሪያ ስም አለው?" አሉኝ።

"ውስጡ ያለው ዊንዶውስ ይባላል የኔታ።"

"ትርጓሜው ምንድን ነው?"

"መስኮቶች።"

"መልካም ስም ነው" አሉና ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። "እንግዲያው ክፈተውና ልጄን አሳየኝ።"

"እየተከፈተ ነው።"

እሳቸው ዝም ብለው የሚጠብቁ ሰው አይደሉም፣ የዘወትር ጸሎታቸውን ጀመሩ። ቀስ ብለው፣ ቃል ሳይውጡ፣ እስከ መጨረሻው አደረሱት። አማተቡ። ማራገቢያው ይጮኻል። ቅንድቡ ላይ ነን።

"ተከፈተ?" አሉኝ።

"ገና ነው።"

"መስኮት ይሉታል እንጂ ይህስ የመቃብር ድንጋይ ነው" አሉ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሳቸው።

በማግሥቱ ነገሩን ለአስማማው ነገርኩት። አስማማው ትምህርት ቤታችን ውስጥ ኮምፒውተር የሚያስተምር ጓደኛዬ ነው። ስለ ደመወዝ ሲያወራ ድምጹን ከፍ ያደርጋል፣ ስለ ሊኑክስ ሲያወራ ግን ስለ ስውር ጠበል እንደሚያወራ ሰው ወደ ጆሮ ይጠጋል።

"ማሽንህ አርጅቷል" አለኝ። "አዲስ ዊንዶውስ እሱ ላይ መጫን ሽማግሌ ላይ የጤፍ ጆንያ እንደመጫን ነው። ሊኑክስ ግን ሸክሙ ቀላል ነው። ስንት የተጣለ ማሽን እንዳስነሳ ብነግርህ አታምነኝም።"

"ሚስቴን ያሳየኛል?"

"ሚስትህን ብቻ? ከጀርባዋ ያለውን ግድግዳ ስንጥቅ ታያለህ።"

የኔታ ማታ ይህን ሲሰሙ አማራጩን ሁሉ ማጣራት ፈለጉ። ሌላም ዓይነት እንዳለ፣ እሱ ግን ምልክቱ የተገመጠ ፖም እንደሆነ፣ ከነማሽኑ ካልተገዛ እንደማይሆን ነገርኳቸው።

"የተገመጠ ፍሬ?" አሉ።

"አዎ።"

"እሱን ተወው። በመጀመሪያው ጊዜ የመጣብን ይበቃናል። የዚያ የጓደኛህስ ምልክቱ ምንድን ነው?"

"ወፍ ነው የኔታ። ፔንጉዊን ይባላል። አይበርም፣ ይዋኛል።"

"ወፍ ሆኖ የማይበር" አሉና አሰቡበት። የቅኔ መምህር ፊት እንዲህ ያለ ነገር መጣል ጥሩ አይደለም፤ ያን ቀን እራት እስኪቀርብ አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ቅዳሜ ከሰዓት አስማማው ፍላሹን በኪሱ ይዞ መጣ። የየሺን ፎቶና የእኔን የፈተና ወረቀቶች ለብቻ አስቀመጠልኝ። የድሮውን ዊንዶውስ አናጥፋው አለ፤ ጎን ለጎን ይቀመጡ፣ ሲበራ የፈለግኸውን ትመርጣለህ። ሁለት ሚስት በአንድ ቤት እንደማስቀመጥ ነገር መሰለኝና የኔታን አየኋቸው፤ ደግነቱ አልሰሙም። መጫኑ ከግማሽ እንዳለፈ መብራት ጠፋ። አስማማው ሲረጋጋ አይቼ እኔም የተረጋጋሁ መሰልኩ። መብራቱ ሲመለስ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ነጭ ፊደል ብቻ ይወርድበታል።

"ይህ ምንድን ነው?" አልኩት።

"እያሰበ ነው።"

"ምን እያለ?"

አስማማው አነበበው። ከዚያ እንደ አዲስ ጀመረው። እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል ነበር። የሺ ሴት ስታዋልድ ባልየው ውጭ እንዴት እንደሚንጎራደድ ስትነግረኝ እስቅ ነበር፤ አሁን እግሬ ያንኑ መንገድ ነው የያዘው።

በመጨረሻ ተከፈተ። ማለቴ ወዲያው ተከፈተ። የኔታ ለልማድ ጸሎት ጀምረው ነበር፤ የማዕድ ጸሎት ታህል እንኳ አላደረሱም፣ ፎቶው ከነዓይኑ፣ ከነአንገቱ፣ ከነግንብ አጥሩ አንድ ጊዜ ስክሪኑ ላይ ቁጭ አለ። ትንሽ ተለጥጦ የሺን በወርድ አስፍቷታል፤ ግን ማን ይከፋዋል? ደንግጬ ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁት። ለወራት ቅንድብ ሲጠብቅ ለኖረ ሰው ሙሉ ፊት በአንዴ ማየት ቀላል አይደለም።

የኔታም በሌላ ምክንያት ወደዱት። አስማማው የአማርኛ ኪቦርድ ሲያስገባልኝ ፊደሎቹን አንድ በአንድ አስጠሩት። "ሃሌታው ሀ አለ? ሐመሩ ሐስ? ብዙኃኑ ኀ?" ሁሉም አለ። "ንጉሡ ሠ?" አለ። በድሮው እኔ ሁሉንም በእሳቱ ሰ ነበር የምጽፈው፤ ንጉሡ እዚያም እንደነበረ አስማማው በኋላ ነገረኝ፣ ብቻ ቁልፉን ሁለት ጊዜ መምታት ያስፈልግ ነበር፣ እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ የሚመታ ሰው ነኝ። የኔታ ግን ፍርዳቸውን ሰጥተዋል። "ይህኛው የተማረ ነው" አሉ።

እሑድ ደረሰ። ከቅዳሴ መልስ ቁርሳችንን ሳንጨርስ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥን። ጠራኋት፣ አነሳችው። አስማማው አልዋሸም። ግድግዳዋ ላይ ያለው ስንጥቅ ሳይቀር ይታያል። የሺ ግን አንገቷን ወደ ግራ ዘመም አደረገች፣ ከዚያ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ስልኩን ገለበጠችው። አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ድምጽ የለም። ከዚያ ጽሑፍ ላከች፦ "አባዬን ለምን ዘቅዝቀህ ሰቀልካቸው?"

ካሜራዬ ከአዲሱ ሥርዓት ጋር አልተግባባም፣ ምስሉን ገልብጦ ነው የሚልከው። እኔና የኔታ ጂማ ላይ እንደ ሌሊት ወፍ ተንጠልጥለናል። ካሜራውን ከስክሪኑ ላይ አወረድኩና ራሱን ገልብጬ በፕላስተር አሰርኩት፤ እኛ ቀና አልን። ድምጹ ግን እምቢ አለ። አስማማው በማግሥቱ መጥቶ የማሽኑ የድምጽ ዕቃ አሮጌ ስለሆነ ሊኑክሱ ሊያውቀው አልቻለም አለኝ። ብዙ ሞከረ። ድምጹ የሚሠራው በድሮው ዊንዶውስ ብቻ ነው። በዚያ ደግሞ ምስሉ እንደ ተቀደደ ሰሌን ካሬ ካሬ ሆኖ ነው የሚመጣው።

እንግዲህ ነገሬን ተረዱልኝ። ኮምፒውተሩን ሳበራ ይጠይቀኛል፦ የትኛውን? አንዱን ብመርጥ የሚስቴን መልክ ይሰጠኛል፣ ሌላውን ብመርጥ ድምጿን። አስማማው እንዲህ ያለውን ነገር "የአፈጻጸም ንጽጽር" ይለዋል። እኔ ሌላ ስም ነበረኝ፣ ግን የሚጻፍ አይደለም።

ከሁሉ የባሰው ደግሞ ከአማቴ ጋር አለመስማማታችን ነው። የኔታ ዓይናቸው በሞራ ስለተሸፈነ መልክ አይታያቸውም፣ ድምጿን ነው የሚፈልጉት። እኔ ድምጿን በየቀኑ በስልክ እሰማለሁ፣ የራበኝ መልኳ ነው። ተከባብረን ተከራከርን።

"የኔታ፣ ዛሬ በወፉ ቢሆንስ?"

"አንተ ካልክ" ይላሉ፤ ፊታቸው ግን ይጠቁራል።

በመጨረሻ ተራ ገባን፤ አንዱን እሑድ በመስኮቱ፣ ሌላውን በወፉ። በመስኮቱ ተራ የኔታ ወንበራቸውን አስጠግተው ከልጃቸው ጋር ሲጫወቱ እኔ ካሬዎቹን እያየሁ የትኛው ጉንጯ፣ የትኛው መጋረጃው እንደሆነ እገምታለሁ። በወፉ ተራ ደግሞ እኔ አያታለሁ፣ የኔታ ይጠይቁኛል።

"ምን ትመስላለች?"

"ደህና ናት የኔታ።"

"ከስታለች?"

"ትንሽ።"

"ምን ለብሳለች?"

"አረንጓዴ ሹራብ። ፀጉሯን ሹሩባ ተሠርታለች፣ ቀጭን ቀጭን ነው። ጆሮዋ ጋ አንዷ ተፈትታ ወርዳለች። አሁን እየሳቀች ነው፤ ስትስቅ ያው ዓይኗ ጥግ ላይ ሁለት መስመር አለ፣ እና አገጯን ወደ..." አልኩና ከማን ጋር እንደተቀመጥኩ ትዝ አለኝ።

"ቀጥል" አሉኝ የኔታ።

"ጨርሻለሁ" አልኩ።

እኛ ዘንድ ሰው አማቱ ፊት ሚስቱን ናፈቀችኝ አይልም። ቤቱ በረደ ይላል። ጣሪያው ያፈሳል ይላል። ዘንድሮ ሽሮው አይጣፍጥም ይላል። የሚሰማው ሰው ከፈለገ ይገባዋል።

አንድ የመስኮት እሑድ ላይ የሺ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ነገረችን። ትምህርቷን ስትጨርስ እዚያው ጂማ ቀርታ እንድታስተምር ጠይቀዋታል። ጥሩ ዕድል ነው፣ ብዙ ሰው አያገኘውም።

"ምን ትላለህ?" አለችኝ።

ስክሪኑ ላይ ቡናማና ነጭ ካሬዎች ቆመዋል። የቱ ጋ እንደምታየኝ አላውቅም።

"አንቺ ያመንሽበትን" አልኳት።

"እሱን አውቃለሁ። አንተ ምን ትላለህ ነው ያልኩህ።"

"እኔማ ለአንቺ የሚበጀውን ነው የምፈልገው። ጊዜ ወስደሽ አስቢበት።"

"እሺ" አለች። ከዚያ ምን እንደበላሁ ጠየቀችኝ። ሽሮ አልኳት።

ከዘጋን በኋላ የኔታ ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ ያ መልስ ነው?"

"የዘመኑ ሰው እንዲህ ነው የሚመልሰው የኔታ። በሚስቱ ነጻነት ጣልቃ አይገባም።"

"ነጻነቷንማ አልጠየቀችህም" አሉና መቋሚያቸውን ፈልገው ወደ ውጭ ወጡ።

በዚያ ሰሞን ለመኖሬ ምልክት የሚሆን አንድ ነገር ብቻ ነው የሠራሁት፤ ኮምፒውተር ማሻሻል። ትምህርት ቤት ውስጥ ያየኝ ሁሉ "ሊኑክስ እንዴት ነው?" ይለኛል፣ እኔም ሰሌዳ ላይ ሣጥን ሠርቼ በአንድ በኩል የመክፈቻ ፍጥነት፣ በሌላ በኩል የፊደል አመቺነት፣ በሌላ በኩል የድምጽ ጉዳይ እያልኩ አብራራለሁ። የይጁቤ ልጅ የሆነ አንድ የታሪክ መምህር "ለመሆኑ በኮምፒውተሩ ምን ትሠራበታለህ?" አለኝ። አስቤ አስቤ "እሑድ እጠቀምበታለሁ" አልኩት።

አንድ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ መላው መጣልኝ። ፊቴ ሳሙና እንደሆነ ወደ የኔታ ክፍል ሮጥኩ።

"የኔታ፣ ለምን አንድ ላይ አናደርገውም? መልኳን በወፉ፣ ድምጿን በዚህ ባለ ቁልፍ ስልክ። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ።"

የኔታ ሳይቸኩሉ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። "ይህን ለማሰብ ይህን ያህል ጊዜ ወሰደብን?" አሉ። "ብን" ማለታቸው ትልቅ ደግነት ነው።

ለየሺ ስነግራት "እኔ ከመጀመሪያው ቀን አስቤዋለሁ" አለችኝ። "አንተ ደስ ብሎህ ስትሠራ ስለነበር ዝም አልኩ።"

በሚቀጥለው እሑድ እንዲህ ተቀመጥን፤ እኔ ከስክሪኑ ፊት፣ የኔታ ከጎኔ ስልኩን ድምጹን ከፍ አድርገው በእጃቸው ይዘው። የሺም ለድምጹ የክፍል ጓደኛዋን ስልክ ተውሳለች። ለመጀመሪያ ጊዜ መልክና ድምጽ አንድ ላይ ሆነ። አንድ ላይ ስል ግን ሙሉ በሙሉ አይደለም። ስልኩ ይፈጥናል፣ ምስሉ ወደ ኋላ ይጎተታል። የሺ በስልኩ ትስቃለች፣ ስክሪኑ ላይ ያለችው የሺ ግን ገና ቁምነገር ላይ ናት። ድምጿ "ቻው አባዬ" ብሎ ከሄደ በኋላ ፊቷ ተቀምጦ ሲጫወት ይቆያል። አስማማው የመስመሩ ነገር ነው፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚያደርገው ነገር የለም አለኝ። እኔ ግን አልከፋኝም። ከሄደች በኋላም ትንሽ ትቆይልኛለች።

የጂማውን ጉዳይ ሁለታችንም አላነሳነውም። ምረቃዋ እየቀረበ ነው። ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ የኔታ የዓይን ወረፋ አወራን፣ እኔ ስለ ካሜራው ፕላስተር አወራሁ።

ከዚያ ከምረቃው በፊት የመጨረሻዋ እሑድ መጣች። ደመና ከጠዋት ጀምሮ ጎዛምን ላይ ተኝቷል፣ ዝናቡም ቆርቆሮውን ማንኳኳት ጀምሯል። የሺ ደክሟት ነበር፤ በስክሪኑ ላይ እንደ ቀልድ ፊቷን በእጇ ደገፈችና ወደ ጎን ወደ መስኮቷ ዞረች። በዚያው ቆመች። ምስሉ ደረቀ። እጇ ጉንጯ ላይ፣ ዓይኗ ወደ ውጭ። ጠበቅሁ። አልተንቀሳቀሰችም።

"ምን አለች የኔታ?" አልኩ።

ስልኩን በእጃቸው እንደያዙ ናቸው። "ዝም ብላለች" አሉ።

"ተቋርጧል ማለት ነው።"

ማውዙን አንቀሳቀስኩ፣ ምንም የለም። አጥፍቼ ልጀምረው ጣቴን ማብሪያው ላይ አድርጌ ነበር፤ አልተጫንኩትም። የተቀመጠችበት ሁኔታ ከለከለኝ። ሰው እንደማያያት ሆና ነው ወደ ውጭ የምታየው። በዚያ ሁሉ እሑድ እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም።

"የሺ" አልኩ ለደረቀው ምስል። "አትቅሪ።"

የኔታ አጠገቤ እንዳሉ አውቃለሁ። ኮምፒውተሬ ቢቆምም አፌ ግን ከተከፈተ በኋላ አልቆም አለ።

"'አንቺ ያመንሽበትን' ያልኩሽ ውሸቴን ነው። ያመንሽበትን አልፈልግም። አንቺን ነው የምፈልገው። በአልጋው በአንቺ በኩል መጻሕፍት ደርድሬ ነው የምተኛው፣ ዘወር ስል ባዶ እንዳይሆንብኝ። ገበያ ስወጣ እናቶቹ 'የሺ መቼ ነው የምትመጣው?' ይሉኛል፣ 'በቅርብ' እላለሁ፣ ከዚያ ያዋለድሻቸውን ልጆች እያየሁ ይህኛው አድጓል፣ ይህችኛዋ ጥርስ አብቅላለች እላለሁ ለራሴ፣ ለአንቺ ልነግርሽ፤ ሳገኝሽ ደግሞ ስለ ሽሮ አወራለሁ። የሚጠቅምሽ መቅረት ከሆነ ቅሪ፣ አልይዝሽም። ግን ሳትሰሚው እንዳትቀሪ። ናፍቀሽኛል። ሌላ ነገር የለኝም።"

ዝናቡ ብቻ ይሰማል። አፍሬ ወደ የኔታ ዞርኩ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰዋል። ክንዳቸው ግን ወደ እኔ ተዘርግቷል፤ በእጃቸው ስልኩን እንደያዙ፣ አፌ ድረስ አስጠግተውታል።

"የኔታ..." አልኩ።

"እሰማለሁ" አለ ስልኩ። የየሺ ድምጽ ነው። "ሌላስ?" አለች።

የኔታ ስልኩን እጄ ላይ አኖሩት። ተነሡና በመቋሚያቸው ደጃፉን ፈለጉ።

"ወዴት ነው የኔታ? ዝናብ ነው።"

"ፀሐይ ልሙቅ" አሉና በሩን ከኋላቸው ሳብ አደረጉት።

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። "ሌላ የለኝም አልኩሽ እኮ" አልኳት።

"እምቢ ብያቸዋለሁ" አለችኝ። "ሳምንት ሆነኝ። መጀመሪያ ከጠየቁኝ ቀን ጀምሮ ልቤ ከእናንተው ጋር ነው። ግን አንተ ነይ ሳትለኝ መጣሁ ልልህ አልፈለግሁም። እዚያ የሚጠብቀኝ ሰው ይኑር አይኑር በምን ልወቅ? ሁልጊዜ ስለ ሊኑክስ ነው የምትነግረኝ።"

"ስለ አንቺ ነበር" አልኳት።

ያኔ ሳቀች። እንባም ነበረው ሳቁ፣ በስልክም ይታወቃል። ከዚያ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ መክተት እንደ ጀመረች፣ መጻሕፍቷን ማን እንደሚጭንላት፣ በዓባይ በረሃ በኩል መኪና እንዳለ ጠይቃ እንደነበር በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ።

በዚህ መሃል ስክሪኑ ነቃ። እጇ ከጉንጯ ላይ ተነሳ። ወደ ኋላ የቀረው ምስል ያቆመበትን ቦታ ይዞ መሄድ ጀመረ። በስልኩ ያለችው የሺ ሻንጣ ትቆጥራለች፣ ስክሪኑ ላይ ያለችው ግን ገና አሁን ነው ስሟ የተጠራው። ከመስኮቱ ዞር አለች። አየችኝ። "አትቅሪ" ስላት እጇን አፏ ላይ አደረገች፣ ዓይኗም ቀስ በቀስ ሞላ። መጻሕፍቱ ጋ ስደርስ ራሷን ነቀነቀች።

"ትሰማኛለህ?" አለችኝ በስልኩ። "ዝም አልክ እኮ።"

"ቆይ" አልኳት፣ ዓይኔን ሳልነቅል። "ገና እየደረስሽ ነው።"